በቃል ወይስ በኮል፦ የኦክላንድና የሳን ሆዜ ሳምንቴ

ሐዋሳ ያላችሁ የጸሎት ቡድናችን እኅቶች፣ ከካሊፎርኒያ ከተመለስኩ ወዲህ በደወላችሁ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን አየሽ?» እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚታየውን ብዙም አላየሁም። ትልቁን ቀይ ድልድይ ያየሁት ከሩቅ ነው፤ እሱም ግማሹን ጭጋግ ሸፍኖት። ያየሁት ሰው ነው። ስለ ሰው ደግሞ በስልክ ተናግሬ አልጨርሰውም፤ ስለዚህ ከመነሻዬ ጀምሬ በየቀኑ ልጻፍላችሁ፣ እናንተም ተሰብስባችሁ አንብቡት።

ሰኞ

የምኖርባትን ዊኒፔግን ታውቋታላችሁ፤ ብርዷን ሳማርርላችሁ ስንት ዓመት ሆነኝ። የካቲት ላይ ነው የተነሣሁት። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደኝ ታክሲ መስታወቱ ከውስጥ ሳይቀር በረዶ ጋግሮ ነበር። ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣ ሻንጣዬን ቆልፌ፣ መቆለፉን መልሼ አይቼ፣ ጸልዬ ወጣሁ።

መንገድ ስሄድ አንድ ልማድ አለኝ። የምሄድበትን አድራሻና ስልክ በወረቀት እጽፍና አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱን ካፖርቴ ኪስ፣ አንዱን ጫማዬ ውስጥ አደርጋለሁ። የኦክላንዷ አስተናጋጄ ትዕግስት ይህን ታውቃለች። ትዕግስት ማለት ያቺ በወጣቶች መዘምራን ከእኔ አጠገብ ቆማ ትዘምር የነበረችው ናት፤ ድምፅዋን አትረሱትም። ከመነሣቴ በፊት ደውላ፣ «አስቴር ሙች፣ ጫማሽ ውስጥ ወረቀት ይዘሽ እንዳትመጪብኝ። ሁሉንም ቴክስት አደርግልሻለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይህችን እሺታዬን ያዙልኝ፤ ረቡዕ ላይ እንመለስባታለን።

ኦክላንድ ስወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ከዚያ ማውለቅ የማይገባኝ ላይ ስደርስ ቆምኩ። በየካቲት ሰው በእጀ ጉርድ ይሄዳል። በየቤቱ ደጅ የሎሚ ዛፍ አለ፤ ሎሚው መሬት ወድቆ የሚያነሣው የለም። እኔ ዊኒፔግ ውስጥ አንዲት ሎሚ ለሁለት ከፍዬ በፕላስቲክ ጠቅልዬ የማስቀምጥ ሴት፣ የትዕግስት ጎረቤት በር ላይ ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ። ባለቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ ሜክሲኳዊ፣ በመስኮት አየኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። ወጣና ከረጢት ሰጠኝ።

እራት ትዕግስት ቆሮሶ አሳ ጠበሰችልኝ። ከፍሪዘር የወጣ፣ ከየት አገር ሐይቅ እንደመጣ የማይታወቅ ቆሮሶ ነው፤ በሚጥሚጣና በዚያ ሎሚ ሲበላ ግን ከሐይቁ ዳር ከምንገዛው ብዙም አይርቅም። አሳውን እየገለበጠች ስለ ልጇ አወጋችኝ። ብቻዋን ያሳደገቻት ኤደን ሳን ሆዜ ኮሌጅ ትማራለች፤ ነርስ ልትሆን ነው።

«ሰነፍ አይደለችም» አለችኝ። «አብራት የምትኖረው ልጅ ናት የምትነግረኝ፤ ማታም ጠዋትም መጽሐፍ ላይ ናት። ያነበበችው የት እንደሚገባ ግን እንጃ። አርብ ፈተና አላት፣ የሰው አጥንት። አንዴ ወድቃለች። አሁን ከወደቀች ነርሲንጉ ቀረ፤ ሌላ ዕድል አይሰጧትም።»

«ምንድን ነው የሚያደክማት?»

«ስልኩ ነዋ። እጇ ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው። ስናገራት ደግሞ ጠብ ነው። አሁንማ ስደውል አታነሣም። ‹ኦኬ ማሚ› ብላ ቴክስት ታደርጋለች፣ አለቀ። የልጄ ድምፅ ናፈቀኝ ብል ታምኚኛለሽ? መኪና ነድቼ ሄጄ በሯን ባንኳኳ ሰለለችኝ ትላለች። አንቺ ብትሄጂ ግን እንግዳ ነሽ።»

የመጣሁት ለዕረፍት መስሎኝ ነበር። ለካ ተልኬ ኖሯል።

ማክሰኞ

ትዕግስት ጠዋት ሥራ ስለሌላት ወደ ሜሪት ሐይቅ ወሰደችኝ። ከተማው መሐል የተኛ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን ሰው ይሮጣል። የእኛን ሐይቅ አስቡና ተራራውን አንሡለት፣ አሳ አጥማጁን አንሡለት፣ ፎቅ ጨምሩበት። ያ ረጅሙ ወፋችን አባ ኮዳ የለም። በእሱ ፈንታ ዝይ አለ፣ ጥጋበኛ፣ ሰው የማይፈራ። አንዱ ዝይ የያዝኩትን ዳቦ ከእጄ ነጥቆኝ ሄደ። የእኛ አባ ኮዳ ቢያንስ ቆሞ ይጠብቃል።

ከሰዓት በኋላ ለኤደን በእኔ ስልክ ደወልኩ፤ ወዲያው አነሣችው። ድምፁ ለእናትዮዋም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረግሁት። ትዕግስት የዕቃ ጨርቋን እንደያዘች ምድጃው አጠገብ ቆመች።

«ሃይ አንቲ አስቴር። ነገ ነው የምትመጪው አይደል? ማሚ ናት የላከችሽ?»

«እግሬ ነው የላከኝ።»

ሳቀች። ትዕግስትም ጨርቁን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ጥናቱ እንዴት ነው?»

«ስተዲ አደርጋለሁ አንቲ፣ ላይክ፣ ብዙ። ግን አይቀመጥም። ገብቶ ይወጣል።»

ታውቃላችሁ፣ እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን ጥቅስ አስይዛለሁ። ብዙ ሲሰጡት የሚጠፋው ልጅ ትንሽ ሲሰጡት እንደሚይዝ አይቻለሁ። ስለዚህ፣ «እንዲህ እናድርግ። ሌላውን ተዪው። ነገ ጠዋት የእጅን አጥንቶች ብቻ በቃል ትይልኛለሽ» አልኳት።

«በካል?»

«በቃል።»

«ኦኬ። ነገ ጠዋት በካል። ጋት ኢት።»

እዚያ የተወለዱ ልጆች ‹ቀ› ከጉሮሯቸው አትወጣም፤ ቃሉም ካል፣ ቅቤውም ክቤ ነው። ዊኒፔግ ያሉት ተማሪዎቼም እንዲሁ ናቸውና አላረምኳትም። ትዕግስት ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጨርቋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «አሁንም ‹ላይክ› ትላለች» አለች ለራሷ።

ረቡዕ

ጠዋት ትዕግስት በመኪና ወደብ አጠገብ ያለው ባቡር ጣቢያ አድርሳኝ ተመለሰች። ትልልቅ የመርከብ ማንሻዎች አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ባቡር መጣ። ጥንቁቅ ነኝና ዝም ብዬ አልገባሁም፤ አጠገቤ የቆመውን ወጣት «ሳን ሆዜ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጆሮው ላይ የሰካውን ሳያወጣ ራሱን ነቀነቀልኝ። ለእኔ ይሁን ለሙዚቃው ኋላ ነው ያሰብኩበት።

ባቡሩ ሰሜን ሄደ። ሳን ሆዜ ደቡብ ናት። ከመስኮቱ ውጭ የነዳጅ ማጣሪያ ጋኖች ሲደረደሩ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ጠረጠርኩና ስልኬን ልመለከት ቦርሳዬን ከፈትኩ። ስልኬ የለም። መነጽሬ አለ፣ ሎሚ አለ፣ የራስ ምታት ኪኒን አለ፣ ስልክ የለም። የትዕግስት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ስኳሩ አጠገብ፣ ታየኝ። አድራሻው ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጫማዬ ውስጥ እግሬ ብቻ ነው ያለው።

ትኬት ተቆጣጣሪዋ፣ ጠና ያለች ሴት፣ ሁኔታዬን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሪችመንድ የሚባል ከተማ ላይ አብራኝ ወረደች፤ በሌላኛው በኩል አሻግራ፣ ለሚቀጥለው ባቡር ሠራተኛ በአደራ ሰጠችኝ። ወደ ኦክላንድ ልመለስ ብልም የትዕግስትን ቤት መንገድ አላውቀውም። በሁለቱም በኩል የጠፋሁ ከሆነ ወደፊት መጥፋት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። መንገዱ ሲያምር አትጠይቁኝ። ባቡሩ ረግረጉን ሰንጥቆ፣ ውሃ በግራና በቀኝ እያደረገ ይሄዳል፤ ነጫጭ ወፎች አንድ እግራቸውን አጥፈው ቆመዋል። ጭንቀቴን ለጌታ ሰጥቼ ማየት ጀመርኩ። አልፎ አልፎ እየመለስኩ ብወስደውም።

ሳን ሆዜ ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የኤደንን ቁጥር ላስታውስ ታገልኩ። ስንት ጊዜ ደውዬላታለሁ፤ ግን ስሟን ነክቼ እንጂ ቁጥሯን ነክቼ አላውቅም። ከፊተኛዎቹ ሦስት ቁጥሮች አላለፍኩም። እነሱን በአማርኛ ደጋግሜ ሳንበለብል ከኋላዬ ድምፅ መጣ፤

«እኅቴ፣ ሎተሪ ነው?»

ዞር ስል ኮፍያ ያደረገ፣ ሪዙ የሸበተ ሰው መኪናውን ተደግፎ ዳቦ ይበላል። ጋሽ ሙሉጌታ ይባላል፤ በሱዳን አድርጎ የመጣ የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ነገሩን ነገርኩት።

«ታዲያ ማን ቁጥር ያስታውሳል?» አለ። «እኔ የሚስቴን አላውቀውም። ‹ቤት› ብዬ ነው ያስገባኋት። ቤትን ስነካ እሷ ትመጣለች።»

«ስልኩ ቢጠፋብዎትስ?»

«እንግዲህ ቤት የለኝም።»

ሳቅን። «እንዲያውም ይገርምዎታል» አለ፤ «ልጅ ሆኜ የያዝኩትን የሰፈራችንን የቡና ነጋዴ ስልክ አሁንም አውቀዋለሁ። ከነሥራው የለም ሰውየው።» እኔም ሐዋሳ የጎረቤታችንን የእማማ ዘነበችን ስልክ አልረሳሁትም። እየዞረ የሚመለሰውን ቁጥር መደወያ በጣቴ አየር ላይ ዞር ዞር አደረግሁለት። ሁለት ያረጀን ሰዎች፣ ማንም የማያነሣውን ቁጥር ጥንቅቅ አድርገን የምናውቅ፣ የሚያነሣልንን የማናውቅ።

ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። «ረቡዕ ነው፣ ቅቤ የለበትም።»

«ጌታ ይባርክዎት።»

«አሃ። ጴንጤ ነዎት።»

«በምን አወቁ?»

«እኛ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ነዋ የምንል። ይብሉ ግድ የለም፣ ዳቦው አያውቅም።»

ከዚያ መደወል ጀመረ። ሳን ሆዜ ውስጥ ደውሎ የማያገኘው አበሻ እንደሌለ ነገረኝ። አንዱን፣ «ነርስ የምትማር፣ ኤደን የምትባል፣ እናቷ ኦክላንድ ያለች» ሲለው፣ ያኛው «የትኛዋ?» ይለዋል። ለካ ኤደን የምትባል ነርስ ተማሪ ሞልታለች።

እንዲህ ሳለን አንዲት ቀጭን ረጅም ልጅ ስልኳን ፊቷ ላይ ደቅና በፊታችን አለፈች። ተመልሳ አለፈች። ደግሞ ተመለሰች። ጋሽ ሙሉጌታ አንገቱን አስግጎ ስልኳን አየና፣ «እኅቴ፣ ያቺ ልጅ ስልክ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ኤደን ናት። በእጇ በያዘችው ፎቶዬ እኔን እየፈለገች፣ እኔን ሦስት ጊዜ አልፋኝ ሄደች።

አቅፋኝ ስታበቃ፣ «እዚህ መሆኔን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ጠዋት በካል ብለሽኝ የለ? ካል አደረግኩልሽ። ስልኩ ሲነሣ፣ ያው አንቺ መስለሽኝ፣ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኳትረም እያልኩ ሁሉንም አልኩት። ስጨርስ ማሚ ናት።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ ኮል የምንለውን እነሱ ካል ነው የሚሉት። በቃል ስላት በስልክ ደውይልኝ ያልኳት መስሏታል።

«እናትሽ ምን አለች?»

«ዘ ዊርድ ፓርት? ምንም። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዛ ‹ጎበዝ› አለችኝ። ከዛ ‹አስቴር ስልኳን ጥላ ሄዳለች፣ ሮጠሽ ፈልጊያት› አለች።» ቀጥላም፣ «ጎበዝ ካለችኝ ቆየች» አለች።

«አጥንቶቹን ግን ከራስሽ ነው ያልሻቸው?»

«ኖ፣ ከኖቴ። ፎኑ ላይ ነው ያለው፣ እያነበብኩ ነበር።»

በቃል ምን ማለት እንደሆነ እዚያው ነገርኳት። ጋሽ ሙሉጌታ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቤቷ ድረስ ሲያደርሰን «መንገዴ ነው» አለ። ኤደን ኋላ እንደነገረችኝ መንገዱ አልነበረም።

አብራት የምትኖረው ልጅ ወላጆቿ ጋ ሄዳ ስለነበር አልጋዋ ለእኔ ሆነ። ማታ ኤደን፣ «ፎ ልጋብዝሽ» አለችኝ። «ስልክ ይበላል እንዴ?» አልኳት። ፎ ለካ የቬትናሞች ሾርባ ኖሯል፤ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ፓስታ መሳይ ነገር፣ ሥጋና ቅጠል ያለበት። ሎሚ አብሮ ይመጣል፤ የእኔንም ከቦርሳዬ አውጥቼ ጨመርኩበት። ጣፋጭ ነው። ኤደን ስልኳን የቃሪያ ስልሱ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ እያየች በላች። አጠገባችን አንድ ቤተሰብ ነበር፤ አባት፣ እናትና ልጆች፣ እያንዳንዳቸው ስልክ የሚያስደግፉበት ጠርሙስ አላቸው። የእኛን አገር ምግብ ቤት ቴሌቪዥን አስታወሰኝ። እሱ ግን አንድ ስለሆነ ቢያንስ ሁሉም የሚስቀው አብሮ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ኤደን ስትነሣ ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረች ነው የምትመስለው። ስልኩ ትራሷ ሥር ነው የሚያድረው። ቁርሳችንን እንቁላል በልተን ጥናት ተቀመጠች፤ እኔ ጥግ ይዤ ዳንቴሌን እሠራለሁ። አየኋት። ታነባለች፣ ስልኩ ይርገበገባል፣ ታያለች፣ ትመለሳለች፣ የተወችውን መስመር በጣቷ ትፈልጋለች። ስልኩ ዝም ሲል ደግሞ ለምን ዝም አለ ብላ ታነሣዋለች። ገጹን ስትገልጥ፣ «ምን አነበብሽ?» አልኳት።

ገጹን መልሳ ገለጠች። «አይ ዶንት ኖው» አለች። «ራሴ፣ ላይክ፣ ብዙ ታብ ተከፍቶበታል። ሁሉም ሎድ ያደርጋል፣ አንዱም አይከፈትም። ገና ጠዋት ነው፣ ግን ደክሞኛል አንቲ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሁሉ ፎቶ አንስታዋለች። ስልኩ ውስጥ ከሰው ፎቶ የአጥንት ፎቶ ይበልጣል።

«ያየው እኮ ስልኩ ነው» አልኳት። «አንቺ አጥንቱን አላጠናሽውም፤ ስልክሽ ነው ያጠናው። አርብ ደግሞ ስልክሽ ፈተና አይገባም።»

«አጥንት፣ ማጥናት... ሴም ወርድ ነው?»

«አይመስለኝም። ግን ይዛመዱ።»

ሳቀች፣ እንባዋንም ጠረገች። ስልኩን ልቀማት አላሰብኩም፤ የተቀማ ልጅ ስለ ተቀማው ነገር ብቻ ነው የሚያስበው። «ካሉን ወድጄዋለሁ» አልኳት። «ነገር ግን በቃልም ይሁን፣ በካልም ይሁን። ስልኩን እዚያ መደርደሪያ ላይ አድርጊው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽ። ደውይልኝና ከዚህ ሆነሽ ተናገሪ።»

«ለአንቺ? ፎንሽ ማሚ ጋ ነው እኮ።»

«ለእኔ ደውይ። ያነሣ ያነሣዋል።»

ዓይኔን አየችኝ። ገባት። ለእናቷ መደወል ከብዷት ነበር፤ ለእኔ መደወል ግን አልከበዳትም። ‹አንቲ አስቴር› የሚለውን ነካች። ትዕግስት በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

መጀመሪያ ሁለቱም አፈሩ። ትዕግስት የአጥንት ስም በእንግሊዝኛ አታውቅም፤ እንዴት ትጠይቃት? ከዚያ ራሷ ዘዴ አገኘች። የሰው ቤት እየዞረች አቅመ ደካሞችን የምታነሣ፣ የምታጥብ ሴት ናት፤ የማያማት ቦታ የለም። የራሷን አካል ትጠይቃት ጀመር።

«ጉልበቴ ላይ ያለችው፣ ክቧ፣ ደረጃ ስወጣ ቋ የምትለው።»

«ፓቴላ።»

«ከአውራ ጣቴ ሥር፣ ጨርቅ ስጨምቅ የሚጠዘጥዘኝ።»

ኤደን ዓይኗን ጨፈነች፤ በሌላኛው እጇ የራሷን አውራ ጣት ዳሰሰች። «ዌት፣ ዌት... ትራፒዚየም።»

«ከትከሻዬ ወደ አንገቴ የሚመጣው፣ ሽማግሌውን ከአልጋ ሳነሣ የሚወጋኝ።»

«ክላቪክል» አለች ኤደን። ከዚያ፣ «ማሚ፣ ይወጋሻል?»

«ይወጋኛል አልኩ እንዴ?»

«አሁን አልሽ።»

እኔ ዳንቴሌ ላይ አቀረቀርኩ።

«ቀጥዪ» አለች ትዕግስት፤ «ከዚያ በታችስ?»

እየተሳሳቱ፣ እየተሳሳቁ፣ እስከ እግር ጣት ወረዱ። ስልኩ በመሐል መልእክት ሲመጣ ይርገበገባል፤ ኤደን አንገቷ ይዞራል፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ስለሆነ ግን የሚያሳያት የለም፣ ትመለሳለች። ማታም ደገሙት። ስትተኛ ስልኩ እዚያው መደርደሪያ ላይ አደረ። ማንም አላዘዛትም። አንድ ጊዜ ተነሥታ ስታየው ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ነው።

አርብ

እስከ ኮሌጁ አብሬያት ሄድኩ። ፈተናው እውነተኛ አጥንት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ስሙን መጻፍ ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ኤደን ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠች፣ መልሳ ወሰደች፣ መልሳ አስቀመጠች። «ጸልዪልኝ» ብላ ገባች።

ዛፍ ሥር ተቀምጬ መጸለይ ጀመርኩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ...» ስል ስልኩ እንደ ጥንዚዛ ቦርሳዬ ውስጥ ዙዝ አለ። «ይህችን ልጅ አእምሮዋን...» ዙዝ። አላየውም አልኩ፤ አየሁት። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ወዶላታል። «አእምሮዋን ሰብስብላት...» ዙዝ። ማጥፊያውን ፈለግሁ፤ ስነካካ ፎቶ አነሣኝ። ቦርሳውን ሹራብ ጠቅልዬበት ተቀመጥኩበት፤ አሁን ደግሞ ከታች ነዘረኝ። ስንት ዓመት በጸሎት ተንበርክኬ የኖርኩ ሴት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ተሳነኝ። ባይርገበገብም ሊርገበገብ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። የልጅቷን ድካም ያን ጊዜ በራሴ ላይ ቀመስኩት። መቆጣት ቀላል ነው እኅቶቼ፤ አንድ ቀን ይዛችሁት ተቀመጡ። በመጨረሻ ዓይኔን ገልጬ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ በአማርኛ ጸለይኩ። የሚያልፉት ተማሪዎች ስልክ የማወራ ስለመሰላቸው ማንም አልገረመው።

ኤደን ስትወጣ ፊቷ ገርጥቶ ግን ቀና ብላ ነበር። «ሁለቱን ረሳሁ፣ አንዱን አልተማመንኩም» አለች። «ክላቪክሉ ግን ሲመጣ፣ አንቲ፣ የማሚ ትከሻ ነው የታየኝ። ጉልበቱም የእሷ ነው። ጠረጴዛው ላይ ማሚ ነበር የተኛችው የሚመስለው። ላይክ፣ ክሪፒ፣ ግን በጥሩ።» ውጤቱ ሳምንት ይቆያል ተባለ። ስልኩን ስሰጣት ተቀብላ፣ ሳታየው ኪሷ ከተተችው። ከመንገዱ ማዶ ስንደርስ አየችው። እሱም ቢሆን መንገድ ነው።

ቅዳሜና እሑድ

ኤደን እኔን ይዛ ወደ ኦክላንድ መጣች፤ በትክክለኛው ባቡር። ትዕግስት ጣቢያው ላይ ቆማ ነበር። ሲገናኙ ብዙ አላወሩም። ኤደን እናቷን ትከሻዋ ላይ ስማ፣ ያንኑ አጥንት በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይሄ ነው?» አለቻት። «እሱ ነው» አለች ትዕግስት። በሐይቁ ዙሪያ ሦስታችን ሄድን፤ ያ ዝይ አወቀኝ መሰለኝ ተከተለኝ። ኤደን ፎቶ ልታነሣን ስልኳን አወጣች። እናቷ «አሁን ደግሞ ጀመርሽ» ልትል ስትል ክርኗን ነካኋት፤ ተወችው። ፎቶው ያምራል፤ ዝይውም አለበት።

እሑድ አብረን አምልከን፣ ወንድሞችና እኅቶች ለመንገዴ ጸልየውልኝ፣ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሱኝ። መግቢያው ላይ ኤደን እጄን ይዛ አላስገባም አለችኝ።

«ቁጥሬን በይልኝ።»

«ስልኬ ውስጥ አለ።»

«ኖ ኖ። በካል አይደለም። በካል።»

ሁለቱን በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለቻቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ገባኝ። ሰው እየተገፋፋ ሲያልፈን፣ እሷ እየጠየቀች፣ እኔ እየተሳሳትኩ፣ እናትዮዋ እየሳቀች፣ ልክ የእሑድ ተማሪዎቼ እንደሚሆኑት ሆንኩ። ሳልሳሳት ስጨርስ፣ «ጎበዝ» አለችኝና ለቀቀችኝ።

ዊኒፔግ

ከተመለስኩ በኋላ ባለው ሳምንት ከአውቶቡስ ማቆሚያ እስከ ሥራ ቦታዬ ስሄድ ስልኬ በብርድ ሞተ። እዚህ ያለ ነው፤ ከኪስ ውጭ ትንሽ ከቆየ ያልቃል። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ኮሪደር ላይ ግን ገመድ ያለው አሮጌ የግድግዳ ስልክ አለ፤ ማንም አይነካውም። በሻይ ሰዓቴ ፊቱ ቆምኩ። ጓንቴን አወለቅሁ። ጣቴ መጀመሪያ አመነታ፤ ከዚያ የኤደን ቁጥር አንዱ አንዱን እየጠራ መጣልኝ፤ በጣቴ ሲመጣ ተሰማኝ።

«ሄሎ?» የማያውቁትን ቁጥር የሚያነሣ ሰው ድምፅ ነው።

«አስቴር ነኝ። ስልኬ ሞቷል። በቃሌ ነው የደወልኩልሽ።»

«አንቲ፣ ፎንሽ ኦፍ ነው ይለኛል፣ ከጠዋት ጀምሮ እሞክራለሁ። አለፍኩ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጌታን አመሰገንኩ። አንዲት ሽማግሌ ከወንበሯ ቀና ብላ ምን እንደሆንኩ አየችኝ።

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

«ቀድሜ ነዋ። ካል አደረግኩላት። ከጓደኛዬ ፎን ነበር፣ የእኔ ቤት ቀርቶ።»

«የጓደኛሽ ስልክ ውስጥ የእናትሽ ቁጥር አለ እንዴ?»

«የለም» አለች። ከዚያ ጉሮሮዋን አዘጋጅታ፣ ‹ቀ›ን ከነፍንዳታዋ አወጣቻት። «በቃሌ።»